ገደል የሚወጡ ልጆችና የሚታመኑበት ብረት

ከፍ ካለ ስፍራ ቆሞ ምድርን ቍልቍል ማየት የሰው ልጅ የጥንት ምኞቱ ነው። በዘመናችን ያሉ ወጣቶች ግን መንገድ ባለው ተራራ መውጣት አልበቃቸው ብሎ፥ ወገባቸውን በገመድ ታጥቀው እንደ ግንብ የቆመውን ገደል በእጅና በእግር ጣት እየቧጠጡ መውጣትን ስፖርት አድርገው ይዘውታል። በካሊፎርኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ይኖራሉ። ታዲያ አንድ ቀን ልጃቸው «ከጓደኞቼ ጋር ዮሰሚቲ ገደል ልወጣ ነው» ቢላቸው፥ ወላጆች ምን ብለው ይመልሱለት? እንዲያው «አይሆንም» ከማለትም፥ እንዲያው «ሂድ» ከማለትም በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባልና፥ የምናውቀውን ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ድንጋዩ ስለ ምን ይወርዳል?

ዮሰሚቲ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች መካከል ያለ ጥልቅ ሸለቆ ነው። ግራና ቀኙን የከበበው ግራናይት የተባለው ጽኑ ድንጋይ ሲሆን፥ ኤል ካፒታን የሚባለው ገደል ብቻ 900 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ለሚያየው ሰው ከቶ የማይነቃነቅ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ድንጋይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከላይ ከላዩ በንብርብር እየተሰነጠቀ ይላቀቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ በብርድ ወራት በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ይገፋዋል፤ የዛፍ ሥር እንደ ሽብልቅ ይገባበታል፤ የምድር መናወጥም ይነቀንቀዋል።

የሚያስደንቀው ግን፥ ዝናብ ሳይኖር፥ ውርጭም ሳይወርድ፥ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ናዳ መውረዱ ነው። ብራያን ኮሊንስና ግሬግ ስቶክ የተባሉ ተመራማሪዎች ከአንድ ንብርብር ጀርባ መለኪያ አኑረው ከሦስት ዓመት በላይ ተከታተሉት። በ2016 ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጡት፥ ንብርብሩ ቀን በፀሐይ ሙቀት ከገደሉ ይርቃል፥ ሌሊት ሲበርድ ደግሞ ይመለሳል፤ የአንድ ቀን እንቅስቃሴውም እስከ 1 ሳንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። ሽቦን ደጋግሞ ያጣጠፈ ሰው በመጨረሻ እንደሚሰብረው ሁሉ፥ ድንጋዩም እንዲሁ ቀን በቀን እየደከመ ይሄዳል።

የሚወርደው ናዳ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ሐምሌ 10 ቀን 1996 ሐፒ አይልስ በተባለው ስፍራ የወረደው ናዳ ባስነሣው ነፋስ ብቻ አንድ ሺህ ያህል ዛፎች ወደቁ፥ አንድ ሰውም ሞተ። መስከረም 27 ቀን 2017፥ ባገራችን የመስቀል በዓል በሚከበርበት ዕለት፥ ከኤል ካፒታን የተላቀቀ ድንጋይ ከገደሉ ሥር የነበረ አንድ ሰው ገደለ፥ አንዲት ሴትም ክፉኛ አቈሰለ። በማግሥቱ ከፊተኛው የበለጠ ናዳ ወርዶ፥ በመኪና ከሸለቆው ይወጣ የነበረ ሰው ቈሰለ።

ብረቱስ ይታመናልን?

ገደል የሚወጣ ሰው ቢወድቅ ገመዱን የሚይዝለት፥ ከእርሱ በፊት የወጡት ሰዎች ድንጋዩን ሰርስረው ያስገቡት ብሎን ነው። ቀድሞ የተተከሉት ብዙዎቹ ከእርሳስ የማይወፍሩ ነበሩ። ዝናብና በረዶ ሲፈራረቅባቸው ዛጉ፥ ላሉም፤ ከላይ የወረደ ድንጋይ የቀጠቀጣቸውም አሉ። የፓርኩ አስተዳደር እነዚህን ብሎኖች አይመረምርም፥ አያድስምም። ስለዚህ በ1998 ለዚሁ ሥራ አንድ የገደል ወጪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ ሰዎቹ ከምእመናነ ስፖርቱ በሚገኝ ስጦታ ዝገት በማይበግረው ወፍራም ብሎን አሮጌውን ይተካሉ። በዚያ በተጠበቀ ምድረ በዳ በሞተር መሰርሰር ክልክል ስለ ሆነ፥ በገመድ ተንጠልጥለው ቀዳዳውን በመዶሻ ይቆፍራሉ።

ዝገት የማይበግረው ብረት እንኳ በሁሉም ስፍራ አይጸናም። በታይላንድ የባሕር ዳር ገደሎች ላይ እንዲህ ያለው ብሎን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተሰነጣጥቆ ስለ ተገኘ፥ ቲታኒየም በሚባል ማዕድን መተካት ግድ ሆኗል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ሐፍ ዶም ላይ ታየ። በዚህ ተራራ ፊት በ1957 ሦስት ሰዎች የከፈቱት ስመ ጥር መንገድ ነበር። በ2015 ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፥ 60 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ንብርብር ከመንገዱ መካከል ተገንጥሎ፥ የተተከሉበትን ብሎኖች ይዞ ወደቀ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ብሎን የቱን ያህል ቢጠነክር ከያዘው ድንጋይ አይበልጥም ማለት ነው።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

እንግዲህ ልጁን «ገመድህ አዲስ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ከብሎኑ በታች የዝገት ውሃ መውረዱን፥ ቀለበት የሚያዝበት ሳህን በጣት ሲነኩት መሽከርከሩን፥ ዙሪያው ድንጋይ መሰንጠቁን ያያልን? ድንጋዩን በእጁ ሲያንኳኳው እንደ ባዶ ጋን የሚያስተጋባውን ለይቶ ይተዋልን? ሲወርድ ወይም ሲያርፍ በአንድ ብሎን ብቻ ተንጠልጥሎ ከመቅረት ይጠነቀቃልን? ሌሎች ከላይ ሲወጡ ከሥራቸው ምሳ ለመብላት አይቀመጥምን? የራስ ቁር ያደርጋልን? ቁሩ ከጠጠር ያድናል፤ ከናዳ ግን አያድንም፤ ይህንም ማወቅ ይገባዋል።

በአገራችን ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ ወንድ እንግዳ ገመዱን ጨብጦ ገደሉን ሲወጣ፥ ሌላ ገመድ በወገቡ ታስሮ ከላይ ያሉት መነኰሳት ይስቡታል። የሚይዘውን ሰው ያውቀዋል። የዮሰሚቲ ወጣት ግን ማን፥ መቼ እንደ ተከለው በማያውቀው ብረት ላይ ነፍሱን ያንጠለጥላል። ስለዚህ ብረቱን ሳይመረምር እንዳይታመንበት፥ ከተጠራጠረም ጫፉን ሳያይ መመለስን እንደ ውርደት እንዳይቈጥረው፥ ወላጆች አስቀድመው ሊያስተምሩት ይገባል። ገደሉ ነገም በስፍራው ይገኛል፤ ልጁም ወደ ቤቱ መመለስ አለበት።