ዱላው ከወጣ በኋላ

በ1987 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ የአዳማ ልጅ ዛሬ የራሱን ልጅ እጅ ይዞ አንደኛ ክፍል የሚያስመዘግብ ጎልማሳ ነው። በዚያው ዓመት ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 36፣ ሕፃናት በትምህርት ቤት በአካላቸው ላይ ከሚፈጸም ቅጣትና ከጭካኔ ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ያ አባት ግን በምዝገባ ቀን ለመምህሯ የሚናገረው ከገዛ አባቱ የሰማውን ነው፦ «ቲቸር፣ ካስቸገረሽ ቆንጥጠሽ አስተምሪልኝ።» ልጁን ጠልቶ አይደለም እንዲህ የሚለው። አደራ መስጠቱ ነው፤ የአባትነት ሥልጣኑን ከፍሎ ለመምህሯ ማካፈሉ ነው።

መምህሯ ምን ታድርግ? ሕጉ አትንኪው ይላታል። አባት ቆንጥጪው ይላታል። ርዕሰ መምህሩ ክፍልሽን ጸጥ አሰኚ ይላታል። ፊት ለፊቷ 60 ወይም 70 ልጆች ተደርድረዋል፤ ሦስት ሆነው በሁለት ሰው ዴስክ ላይ የተጨናነቁም አሉ። ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ከሆነ ደግሞ የአዳማ ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣሪያ አግሎታል። ሦስቱን ትእዛዝ እንዴት አድርጋ አንድ ላይ እንደምትፈጽም ተቀምጦ ያሳያት ሰው የለም። 30 ዓመት ያልተፈታው ችግር ይኸው ነው፤ ዱላውን ከመምህሩ እጅ ውሰዱ ተባለ፣ በምትኩ የተሰጠው ነገር ግን የለም።

ዱላው ደግሞ በወረቀት ላይ እንጂ በክፍል ውስጥ ጨርሶ አልወጣም። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ለዓመታት ተከታትሏል። በአገራችን ኦሮሚያን ጨምሮ ከ20 አካባቢዎች የተውጣጡ 3 ሺህ ያህል ልጆችን ይዟል። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚህ ጥናት ተነስቶ ባወጣው ዘገባ፣ ከ8 ዓመት ኢትዮጵያውያን ልጆች ሦስት አራተኛው እጅ መምህር ተማሪ ሲመታ ባለፈው ሳምንት ውስጥ አይተናል ብለዋል። 38 በመቶዎቹ ራሳቸው ተመትተዋል። ከ15 ዓመት ልጆች መካከል በዚያው ሳምንት የተመቱት 13 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህ ልዩነት ብዙ ይናገራል። የ15 ዓመቱ ጎረምሳ ከ8 ዓመቱ ሕፃን የባሰ ጥፋት ማጥፋት ይችላል፤ ግን መልሶ ሊቆጣ፣ ሊከስ፣ ጥሎ ሊሄድም ይችላል። በትሩ የሚያርፈው ጥፋቱ ከፍ ባለበት ሳይሆን ልጁ ባነሰበት ላይ ነው።

«ባህላችን ነው» የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አለው። የኔታ ያለ አለንጋ አይታሰቡም ነበር፤ የቁርዓን ቤቱም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ነገር ግን ባህላችን ያ ብቻ አይደለም። በቦረና ገዳ ሥርዓት የመጀመሪያው እርከን ደበሌ ይባላል፤ እስከ 8 ዓመት የሚደርሱ ልጆች ናቸው። ደበሌዎች በሰውና በዋቃ መካከል እንደ አማላጅ ይቆጠራሉ፣ ጸጉራቸው አይላጭም፣ ትልቅ ሰው በክብር ይይዛቸዋል። ዛሬ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የምናስቀምጠው ልጅ ዕድሜው ይኸው ነው። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. ገዳን በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ሁላችንም ተደስተናል። ከዚያ ቅርስ ውስጥ ለትንሽ ልጅ የሚሰጠውን ክብር ወደ ክፍል ያስገባነው ግን አይመስለኝም።

ዘመናዊ ትምህርት ቤቱ በትሩን ከየኔታ ወረሰ፤ የወረሰው ግን በጥቂት ልጆች ዘመን ነበር። የየኔታ ተማሪዎች በየደረጃቸው፣ ትልቁ ትንሹን እያስቀጸለ፣ መምህሩ እያንዳንዱን በስም፣ በአባት ስም፣ እስከ ባሕርዩ ድረስ አውቀውት ነበር የሚማሩት። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ወጣ፤ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ፣ በሁሉም ቦታ ትምህርት ቤት ይከፈት ተባለ። ትልቅ ሥራም ተሠራ። በ1987 ዓ.ም. ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ይማር የነበረው 3 ሚሊዮን ገደማ ልጅ፣ በ2007 ዓ.ም. ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆነ። የመምህሩ እጅ ባዶ ይሁን የተባለበትና ክፍሉ የተጨናነቀበት ዘመን አንድ ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል። ለአንድ ክፍል የተቀመጠው መስፈርት 50 ልጅ ነው። ሃምሳውም ቢሆን ለ7 ዓመት ልጅ ብዙ ነው፤ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በሻሸመኔ ባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ክፍሎች ከዚያ በላይ ሲሞሉ ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

በዚያ ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ አይወድቅም ነበር፤ በተከታታይ ምዘና እየታየ ይዛወር ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የንባብ ምዘና ግን ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ማንበብ ያልቻለ ልጅ 40 ደቂቃ ምን ይሥራ? ጎረቤቱን ይነካካል፣ እርሳስ ይወስዳል፣ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። «ረባሽ» ብለን ስሙን ከምንጽፍባቸው ልጆች ብዙዎቹ ትምህርቱ ጥሏቸው የሄደ ልጆች ናቸው።

ስም መጻፍ ካልን፣ ስለ ክፍል አለቃው ልናገር፤ ለእኔ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነው። መምህሯ ለስብሰባ ስትጠራ ወይም የሌላውን ክፍል ደርባ ስትይዝ፣ ጠንከር ያለው ልጅ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ፊት ይቆማል። የተነፈሰውን ሁሉ ይጽፋል። ለጓደኛው ይራራል፣ ትናንት ኳስ የነፈገውን ይመዘግባል፣ ስም ለማስጠፋት ብስኩት ይቀበላል። አንዳንዱ ልምጭም ይይዛል። መምህሯ ስትመለስ ዝርዝሩን አንብባ ተራ በተራ ታንበረክካለች፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጊዜም የለም። ልጆቹ በዚያ ሰዓት የቀሰሙትን ትምህርት አስቡት፦ ሥልጣን ማለት ሰው መክሰስ ነው፤ ከሥልጣን ለመዳን ደግሞ መወዳጀት ወይም መክፈል ነው። አንድ የ8 ዓመት ልጅ ይህን በዓመት ብዙ ጊዜ ከተማረ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የገባው የግብረ ገብ መጽሐፍ ስለ መከባበር የሚነግረው ምን ሊያደርግለት ነው? ትምህርቱ መመለሱ ይበል የሚያሰኝ ነው። ከመጽሐፉ በፊት ግን ሰሌዳው ላይ ያለው የስም ዝርዝር መጥፋት አለበት።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች መምህር ደግሞ በብዙ ቦታ የሌለ ነገር ይገጥመዋል። በዚህ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። በወንጂና በመተሐራ ስኳር እርሻዎች ዙሪያ፣ በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ያደጉ ብዙ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ሐኪሞች በተለይ በወንጂ ለአሥርተ ዓመታት ያጠኑት ነገር ነው። ቋሚ የፊት ጥርስ የሚወጣው በ6 እና በ8 ዓመት መካከል ነው፤ ልክ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል። ትናንት በወተት ጥርሱ ይስቅ የነበረው ልጅ፣ ዛሬ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ያነባል፤ ወይም ጭራሹን አልነሣም ይላል። ከሌላ አካባቢ የመጣ መምህር ይህን እልኸኝነት ይለዋል። «አፍህን ክፈት!» ይላል፤ ክፍሉ ይስቃል። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ቢደባደብ ጥፋቱ ከየት ጀመረ?

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። አዳማ ውስጥ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይማራሉ። ቤቱ አንዱን፣ ሰፈሩ ሌላውን የሚናገር ልጅ ትእዛዙ ሳይገባው ዝም ሲል፣ ዝምታው እንደ ንቀት ይቆጠርበታል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ በርካታ ቤተሰቦች በአዳማና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች ሰፍረዋል። ቤት ሲቃጠል ያየ ልጅ ከበስተኋላው ዴስክ ሲወድቅ ቢበረግግ፣ በጩኸት ጸጥ አይልም። በባቱ (ዝዋይ) የአበባ እርሻዎች የምትሠራ እናት ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ልጇን አልብሳ ወደ ትምህርት ቤት የምትልከው አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ እህት ናት፤ ቁርስ የሚኖርበትም የማይኖርበትም ቀን አለ። መምህር ይህን ሁሉ ማዳን አይችልም። ማወቅ ግን ይችላል፤ ያወቀ ሰው እጁን ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል።

ታዲያ ባዶ እጅ እንዴት 60 ልጅ ይይዛል? ይይዛል፤ የሚይዙ መምህራንም አሉ። ክፍላቸው በመስከረም ሲታይ ምንም የሚያስተምሩ አይመስሉም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የሚያጠፉት በአገባብ፣ በአወጣጥ፣ ደብተር በማከፋፈል፣ እጅ በማውጣት ላይ ነው፤ አሥር ጊዜ ያስደግማሉ፣ እየዘፈኑ ያስደግማሉ። በር ላይ ቆመው እያንዳንዱን በስሙ ሰላም ይላሉ። ጸጥታ ሲፈልጉ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ሦስቴ ያጨበጭባሉ፣ ልጆቹ ሁለቴ ይመልሳሉ፣ ከዚያ ይበልጥ ዝግ ብለው ይናገራሉ። የማያርፈውን ልጅ ጥግ አያቆሙትም፤ ሰሌዳ ማጥፊያውን፣ የደብተሩን ክምር፣ የውሃውን ጀሪካን ያስይዙታል፤ ያ ልጅ ጉልበቱ የት እንደሚውል አጥቶ ነበርና። የክፍል አለቅነቱን በየሳምንቱ ያዘዋውራሉ፤ ሥራውም መክሰስ ሳይሆን ማገልገል ነው። ሲቆጡም ለብቻ ጠርተው ነው የሚቆጡት። በ7 ዓመት ልጅና በአዋቂ መካከል በዚህ ልዩነት የለም፤ ሁለቱም በሰው ፊት ሲዋረዱ ጥፋታቸውን ይረሱና ውርደታቸውን ይይዛሉ።

ይህ የጥቂት ደጋግ ሰዎች ተሰጥኦ ብቻ እንዳልሆነ ሌላ የምሥራቅ አፍሪካ አገር አሳይታናለች። በኡጋንዳ ሉዌሮ ወረዳ፣ 42 ትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ «ጥሩ ትምህርት ቤት» የሚል ትርጉም ያለው የሥልጠና ሥራ ተፈተነ። መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች አንድ ላይ ሆነው የቅጣት ደንባቸውን በሌላ ነገር ተኩት። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት፣ ሥልጠናው በደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ባለፈው ሳምንት በመምህር ተመታሁ ያለው ተማሪ ከ100ው 31 ገደማ ነበር፤ ባልደረሰባቸው 49 ገደማ። ዜሮ አልሆነም። ሀብታም አገር ውስጥ ግን አልተሠራም፤ ክፍሎቹም የእኛን የሚመስሉ ናቸው።

እኛ ዘንድ ሕጉም ራሱ ሁለት ልብ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሕፃንን ማንገላታትን ይቀጣል፤ እዚያው ተገቢ በሆነ መጠን የሚደረግ «የማረም» መብትን ይቀበላል። ልጁ ቤት ሲመታ ሕጋዊ፣ ትምህርት ቤት ሲመታ ሕገ ወጥ የሆነበት ዓለም ውስጥ ይኖራል። «ቲቸር እኮ አትመታም» ብሎ ቢንቃት አይገርምም፤ ከሚወዱት ሰዎች የተማረው የሚመታው እንደሚከበር ነው። ስለዚህ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ስብሰባ በአጥር ማደሻ መዋጮ ብቻ ማለቅ የለበትም። ያ «ቆንጥጠሽ አስተምሪልኝ» ያለው አባት፣ መምህሯ በምትኩ ምን እንደምታደርግ ቁጭ ብሎ ማየት አለበት።

የመምህሯ የራሷ ክብርም አለ። ደመወዟ የቤት ኪራይ የማይሸፍን፣ ጥያቄዋን የሚሰማ የሌላት ሰው በየቀኑ 60 ልጅ በትዕግሥት እንድታከብር መጠየቅ ቀላል ነው፤ ማድረጉ ከባድ ነው። በትምህርት ቤቶቻችን ደግሞ አንደኛ ክፍል እንደ ዝቅተኛ ምደባ ይታያል። ዲፕሎማ ይዞ የገባ መምህር ክረምት ክረምት ተምሮ ዲግሪ ሲይዝ ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል፤ ከትንንሾቹ ጋር ያካበተውን ጥበብ ይዞት ይሄዳል፤ በቦታው አዲስ ምሩቅ ይገባል። ኦሮሚያ በቅርብ ዓመታት «ቡኡራ ቦሩ» በሚል ስም የሕፃናት ትምህርት ቤቶችን በስፋት ሲከፍት ወደ እነዚህ ክፍሎች የሚመጣው ልጅ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ለመጪው መስከረም ምደባ ሲያወጡ፣ ዲግሪ ያገኘችውን ጎበዝ የአንደኛ ክፍል መምህርት ደረጃዋንና ደመወዟን ሳያጎድሉ እዚያው አንደኛ ክፍል ቢያስቀሯት፣ አዲስ ምሩቁን ደግሞ ሙሉ የትምህርት ዘመን አጠገቧ ቢያስቀምጡት፣ ይህ አዲስ ሕንፃ የማይጠይቅ፣ አሁን ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።