«ይችላል» የምትለው ቃል

«ይችላል» አጭር ቃል ናት፤ ሥራዋ ግን ብዙ ነው። «ጎረቤቴ በሬ ጠምዶ ማረስ ይችላል» ስንል ጉልበትም ዕውቀትም አለው ማለታችን ነው። «ዛሬ ሊዘንብ ይችላል» ስንል ምናልባት ማለት ነው። «ከኔ ማሳ ሣር ማጨድ ይችላል» ካልን ደግሞ ፈቅደንለታል። እንግሊዞች «ካን» የሚሏት ቃልም እንዲሁ ናት። መከራን የሚሸከመውን ሰው «ቻይ» ማለት ግን የኛው ነው።

ይህች ቃል ሕግ ውስጥ ስትገባ ሥልጣን ትሰጣለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 40፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲያስፈልግ የግል ንብረትን ለመውሰድ ይችላል ይላል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የሠራው ቤት፣ የተከለው ባሕር ዛፍ ግን የግሉ ነው። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ቀድሞ የእርሻ ማሳ ነበርና ነገሩ ለኛ ሩቅ አይደለም።

አማርኛ ማሰሪያውን ከመጨረሻ ያስቀምጣል። «ይችላል» ላይ ስትደርሱ ዓረፍተ ነገሩ አልቋል፤ ዋናው ቁም ነገር ግን ከበፊቱ አለ። ጣታችሁን ወደ ኋላ መልሱና እንደገና አንብቡ። መንግሥት የሚወስደው ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ከፍሎ እንደሆነ ታገኛላችሁ። «በቅድሚያ» ማለት ቤቱ ሳይፈርስ፣ ዛፉም ሳይቆረጥ ማለት ነው።