ሞተሩ እምቢ ሲል ገበያው ይቀራል

ተሳፋሪው ተቀምጦ፣ ገመዱ ቢጎተት ቢጎተት ሞተሩ አልነሳ ሲል፣ ጣና ላይ ጀልባ የሚያሠራ ነጋዴ የዕለት ገቢ ያኔውኑ መሳሳት ይጀምራል። ደንበኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ጎረቤት ጀልባ ይሻገራል።

መካኒክ ከመጥራት በፊት ገንዘብ የማይጠይቀውን ማየት ይበጃል። የማጥፊያው የደህንነት ገመድ በቦታው ነውን? ማርሹ ፍሪ ላይ ነውን? የሳልባቲዮው አየር ማስገቢያ ተከፍቷልን? በቤንዚን ጎማው መሐል ያለው የእጅ ፓምፕ ሲጨመቅ ካልጠነከረ፣ ቤንዚኑ በአግባቡ አይደርስም ማለት ነው።

ቀጥሎ ካንዴላው ይፈታ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም፤ እርጥብ ከሆነ ወይ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ወይ እሳት አልሰጠም። ጥላሸት ከያዘ ደግሞ ከፍታውን መጠርጠር ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል።

ያገለገለ ሞተር ለመግዛት ያሰቡም ይህን አይርሱ። ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶ ከጠበቀዎት፣ ቀዝቅዞ እንደገና እስኪነሳ ይታገሡ፤ የሞቀ ሞተር ጉድለቱን ይደብቃል። ቀብድ ከዚያ በኋላ ይከፈላል።