የአረጋውያን መርጃ ማዕከልና የትልቁ ድስት ጉዳይ

በበዓል ሰሞን፣ በልደት ወይም በሙት ዓመት ዝክር ቀን ምግብ አብስሎ ወደ አረጋውያን መርጃ ማዕከል መሄድ በከተሞቻችን እየተለመደ መጥቷል። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሌሊት የተሠራው ወጥ በትልቅ ድስት እንደተከደነ እስከ ቀትር ይቆያል፤ የተረፈውም እዚያው አድሮ በማግሥቱ ይሞቃል። «እሳት ካገኘ ምን ይሆናል?» የሚለው አባባል ብዙዎችን ያዘናጋል።

ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ በአፈር፣ በእንስሳትና በሰው አንጀት ውስጥ የሚገኝ ሲሆን በጥሬ ሥጋ ላይም ይገኛል። ወጡ ሲንተከተክ ባክቴሪያው ይሞታል። ስፖር የሚባለውና ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘሩ ግን ፍላቱን ተቋቁሞ ሊተርፍ ይችላል። ድስቱ ከምድጃ ወርዶ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ስፖሩ ነቅቶ መራባት ይጀምራል። አየር የሌለበት ቦታ ስለሚስማማው የወጡ መሐል ይመቸዋል። የቤት ድስት ቶሎ ይበርዳል፤ ሃምሳ ሰው የሚያበላው ግን ላዩ ቀዝቅዞ መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ሽታውም ሆነ ጣዕሙ ላይለወጥ ስለሚችል ቀምሶ መለየት አይቻልም።

ሕመሙ ምግቡ ከተበላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ በሆድ ቁርጠትና በተቅማጥ ይጀምራል። ጤነኛ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ይሻለዋል። አረጋውያን ግን የመጠማት ስሜታቸው ስለሚቀንስ ሰውነታቸው ፈሳሽ ማጣቱን ሳያውቁት ሊዳከሙ፣ ኩላሊታቸውም ሊጎዳ ይችላል። በማዕከል ደግሞ ሁሉም የሚበላው ከአንድ ድስት ነው።

ማሞቅ የማይመልሰው ሌላም አለ። ከአብሳይ እጅ ቁስል ወይም ከአፍንጫ የሚመጣው ስታፊሎኮከስ ምግብ ውስጥ የሚተወው መርዝ ቢፈላም አይጠፋም። ስለዚህ የሚያዣ ቁስል ያለበት ሠራተኛ ምግብ ባይነካ ይመረጣል። ተቅማጥ የያዘውም ካቆመለት በኋላ 48 ሰዓት እስኪሞላ ከማዕድ ቤት መራቅ አለበት። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ደመወዙ የሚቆረጥበት ከሆነ ሕመሙን መደበቁ አይቀርምና ኃላፊዎች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንደሞቀ ይቅረብ፤ ካልሆነም ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከ5 ዲግሪ በታች ወደሆነ ማቀዝቀዣ ይግባ። ትልቁን ድስት እንዳለ ማስገባት አይጠቅምም። ወጡን ጥልቀት በሌላቸው ሰፋፊ ዕቃዎች ከፋፍሎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ሲሞቅም መሐሉ ከ70 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ እየተማሰለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ይሻላል።

በፋሲካ ጥሬ ሥጋ ወይም ለብ ለብ ያለ ክትፎ የሚያምራቸውን አባት «አይሆንም» ማለት ይከብዳል። ቢሆንም በደንብ የበሰለውን ክትፎ ማቅረብ ይሻላል።

ምግብ ይዛችሁ የምትሄዱም አስቀድማችሁ ማዕከሉን የምሳ ሰዓቱን ጠይቁ፤ ምግቡም ትኩስ እንዳለ ይድረስ። ርቀቱ የማይመች ከሆነ ጤፍ፣ ምስርና ዘይት መስጠትም ይቻላል።

ተቅማጥ ለጀመራቸው አረጋውያን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ይሰጣቸው። ደም ከታየ፣ ሽንታቸው ከቀነሰ ወይም መቃዠት ከጀመሩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዱ።