ካሜራው የሚያየው ጥገናውን ነው

ሲክል ሴል ያለበት ልጅ ጭኑ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞት፣ እግሩን አላስነካ ብሎ ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ ሁለት ነገሮችን መለየት አለበት። አንደኛው ማጭድ የመሰሉት ቀይ የደም ሕዋሶች ቀጫጭን የደም ሥሮችን ዘግተው የአጥንቱ ክፍል በደም እጦት መሞቱ ነው። ሁለተኛው ባክቴሪያ፣ በእነዚህ ሕሙማን ብዙ ጊዜ ሳልሞኔላ፣ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ማመርቀዙ ነው። ሁለቱም ያተኩሳሉ፣ ሁለቱም ያሳብጣሉ፣ ራጅም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ላያሳይ ይችላል። ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ለመጀመሪያው ማስታገሻ፣ ፈሳሽና ዕረፍት ይበቃል፤ ሁለተኛው ለሳምንታት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ቢያንስ 50 እጥፍ እንደሚበዛ በሕክምና ጽሑፎች ይጠቀሳል። ይህን ግራ መጋባት ይፈታል ተብሎ ለአሥርት ዓመታት ተስፋ የተጣለው በአጥንት ስካን ላይ ነው። በእኔ ግምት ስካኑ ለብቻው ሲታዘዝ ተስፋው ከአቅሙ በላይ ይሆናል። ከመቅኒ ስካን ጋር ተጣምሮ፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀን ታስቦ ሲነበብ ግን ሊታመን የሚገባው ምርመራ ነው።

ምክንያቱ አሠራሩ ውስጥ አለ። ለታማሚው በደም ሥር የሚሰጠው ቴክኒሺየም 99ኤም፣ በስድስት ሰዓት ግማሹ የሚያልቅ ጨረር አመንጪ ነው። ከፎስፌት መሰል ውሕድ ጋር ስለሚያያዝ አጥንት በሚገነባበት ቦታ ይከማቻል። ካሜራው መድኃኒቱ ሲፈስ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ ከዚያም ከሁለት እስከ አራት ሰዓት በኋላ ምስል ያነሣል። እንግዲህ የሚታየው ሕመሙ ሳይሆን አካሉ ለሕመሙ የሰጠው ምላሽ ነው። ዛሬ የሞተ አጥንት ደም ስለማይደርሰው ምስሉ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል። ከቀናት በኋላ ጥገናው ሲጀመር ያው ቦታ ይደምቃል። ያመረቀዘ አጥንት አብዛኛውን ጊዜ በሦስቱም ምስሎች ቢደምቅም፣ በሕፃናት መግሉ የደም ሥሩን ተጭኖ ባዶ ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ አንዱ ሕመም ሁለት መልክ አለው፣ ሁለቱ ሕመሞችም አንድ መልክ ይጋራሉ፤ ሕመሙ የጀመረበት ቀን ሳይጻፍ የመጣ የምርመራ ማዘዣ ለአንባቢው ሐኪም ግማሽ ጥያቄ ነው።  

መፍትሔው ሁለተኛ ምስል ነው። ሰልፈር ኮሎይድ የተባለው ውሕድ ከቴክኒሺየም ጋር ሲሰጥ ሕይወት ያለውን መቅኒ ያሳያል። ደም ያጣ አጥንት መቅኒውም ስለሚሞት በዚያ ቦታ መቅኒው አይታይም። መቅኒው እንደ ጤነኛ እየታየ የአጥንት ስካኑ ከተዛባ ግን ጥርጣሬው ወደ መመርቀዝ ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሎስ አንጀለስ በወጣ ጥናት ሁለቱ ስካኖች ተከታትለው የተደረጉባቸው 79 የአጥንት ሕመም አጋጣሚዎች ተመርምረዋል። ከእነዚህ 70ው በደም እጦት የመጡ ናቸው ተብሎ ተነበበ፤ ከነሱም አብዛኞቹ ያለ አንቲባዮቲክ ወይም አንቲባዮቲኩ ቆሞ ዳኑ። ይህ ለኔ የሚያሳምን ማስረጃ ነው። ግን አንድ ጉድለት አለው፦ የቀድሞ ሕመም ጠባሳ ያለበት መቅኒም ባዶ ይመስላል፤ ስለዚህ አዲሱን ከአሮጌው ለመለየት የታማሚው ያለፉ ምስሎች መገኘት አለባቸው። ምስል የማያስቀምጥ ክፍል ራሱ የገዛውን መሣሪያ ያዳክማል።

ኤምአርአይ እያለ ለምን ጨረር እንሰጣለን የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ግን በኤምአርአይ ላይ የሚታየው የመቅኒ እብጠት በሁለቱም ሕመሞች ይገኛል፤ ትንንሽ ልጆችም ብዙ ጊዜ እንዳይንቀሳቀሱ በመድኃኒት መተኛት ያስፈልጋቸዋል። ጨረሩ ትልቅ ባይሆንም ዕድሜ ልካቸውን በሕመም የሚመላለሱ ልጆች ጉዳይ ስለሆነ ውጤቱ ሕክምናውን የማይቀይር ስካን ባይታዘዝ ይሻላል። ሌላው ሐሳብ ለሁሉም አንቲባዮቲክ መስጠት ነው። 50ው ለአንዱ ሲሉ ለሳምንታት መርፌ ይወጋሉ ማለት ነው፤ የተያዘውም አንድ ልጅ ቢሆን የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ መግሉ ሳይቀዳ ሊቆይ ይችላል።

ክርክሩ ከሁሉ የሚከብደው በናይጄሪያ ነው። በየዓመቱ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት ሲክል ሴል ይዘው እንደሚወለዱ ይገመታል፤ እንደ ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆስፒታል ያሉ የኒውክሌር ሕክምና ክፍሎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ካሜራው ቢገዛም ቴክኒሺየሙ ከሞሊብዴነም 99 ይመነጫል፤ ይህ በ66 ሰዓት ግማሹ ስለሚያልቅ ሳይዘገይ መድረስ አለበት፤ የሚመረትባቸው የኒውክሌር ማብለያዎችም ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የካናዳው የቾክ ሪቨር ማብለያ ከአንድ ዓመት በላይ ሲዘጋ ሀብታሞቹ አገሮች ራሳቸው ስካን ለማዘግየት ተገደዋል። አንድ በረራ ሲሰረዝ ምርመራው የሚቀርበት ሆስፒታል መጀመሪያ ሊኖረው የሚገባው በአጥንቱ ዙሪያ የተጠራቀመ ፈሳሽ የሚፈልግ አልትራሳውንድ፣ ፈሳሹን በመርፌ የሚቀዳ እጅና ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ላቦራቶሪ ነው። ስካኑ የሚያስፈልገው እነዚህ መልስ ሲያጡ ነው፤ አንድ የጤና ሚኒስቴር በጀቱን ሲያወጣም ካሜራውን ከላቦራቶሪው በፊት የሚገዛበት በቂ ምክንያት አይታየኝም።