ከተቈጣ የንብ መንጋ ስለ መጠንቀቅ

ንብ ማርና ሰም የምትሰጥ፤ አበባንም በማዳቀል ፍሬን የምታበዛ ጠቃሚ ፍጥረት ናት። ነገር ግን ቀፎዋ ወይም በዛፍ ግንድ ውስጥ ያለው ቤቷ በመጥረቢያ ምት፤ በከብት ግፊያ ወይም በኃይለኛ ሽታ የታወከ እንደ ሆነ፤ በመንጋ ወጥታ በሰውና በከብት ላይ ትነሣለች።

ንብ በነደፈች ጊዜ መንደፊያዋ ከነመርዝ ከረጢቱ በቆዳ ውስጥ ይቀራል፤ መርዙንም ማፍሰሱን አያቋርጥም። ከዚያው የሚወጣው ሽታ ደግሞ ሌሎቹን ንቦች ይጠራል። ስለዚህ እጅን እያወናጨፉ ንብ መግደል ብዙዎችን መጋበዝ ነው።

እንግዲህ ንብ የተነሣበት ሰው ፊቱን በነጠላው ወይም በጋቢው ሸፍኖ፤ በቶሎ ሮጦ ቤት ይግባና በሩን ይዝጋ። ወንዝ ውስጥ ዘሎ መግባት አይጠቅምም፤ ንቦቹ ከውሃው በላይ ሆነው ይጠብቁታልና። ካመለጠ በኋላ መንደፊያውን ሳይዘገይ በጥፍሩ ጠርጎ ያውጣ፤ ቦታውንም በውሃና በሳሙና ይጠብ፤ እብጠቱንም በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ያብርድ።

ከንፈሩ ወይም ጉሮሮው ያበጠ፤ መተንፈስም ያቃተው ሰው፤ የነደፈችው አንዲት ንብ ብቻ ብትሆን እንኳ፤ ሕይወቱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ልታልፍ ስለምትችል ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ብዙ ንቦች የነደፉትም ሰው፤ ደኅና ቢመስል እንኳ፤ መርዙ ኵላሊቱን ሊጐዳ ስለሚችል በሐኪም ይታይ።

ታስሮ የቆመ ከብት ማምለጫ የለውምና በቀፎ አጠገብ ከብት ማሰር አይገባም። ዛፍ የሚቈርጥም ሰው መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት ግንዱንና ቅርንጫፉን አስቀድሞ ይመልከት፤ ከሕክምና ሁሉ ጥንቃቄ ይቀድማልና።