ከክረምት በፊት፦ የጓሮ አትክልት መሬት አሰነዳድ

የጓሮ አትክልት የሚባለው ከመኖሪያ ቤት አጠገብ ባለ ጠባብ መሬት ላይ፣ በዋነኛነት ለቤተሰብ ምግብ ታስቦ የሚለማ የጎመን፣ የቆስጣ፣ የካሮት፣ የቀይ ሥር፣ የሽንኩርትና የመሳሰሉት ተክሎች እርሻ ነው። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ዋናው የዝናብ ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ክረምት በመሆኑ መሬቱ የሚሰናዳው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ዝግጅት ሲባል ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ዘር መግዛትን ነው፤ ይሁን እንጂ በደጋው ክረምት አትክልትን ይበልጥ የሚጎዳው የውሃ እጥረት ሳይሆን የውሃ ብዛት ስለሆነ፣ ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ትርፉ ውሃ በየት በኩል ይወጣል የሚለው ነው።

የተክል ሥር እንደ ቅጠሉ ሁሉ አየር ያስፈልገዋል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ለቀናት በውሃ ተሞልቶ ሲቆይ ሥሩ ኦክስጅን ያጣል፣ ቅጠሉ ወደ ቢጫነት ይለወጣል፣ ሥር አበስባሽ በሽታዎችም ይበረታሉ። ጉዳቱ የሚከፋው መረሬ በሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር ላይ ሲሆን፣ ይህ አፈር ሲርስ አብጦ ውሃ አላሳልፍ የሚል፣ ሲደርቅ ደግሞ በጥልቅ የሚሰነጣጠቅ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች ይህን ችግር ለመቋቋም አፈሩን በእጅ እየዛቁ ከፍ ያለ ሰፊ መደብና በመካከሉ ቦይ የመሥራት ልማድ አላቸው፤ ለጓሮ አትክልት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል።

መደብ ማለት ተክሉ የሚቆምበት፣ ከመተላለፊያው ከፍ ተደርጎ የተሠራ የአፈር ክፍል ነው። ሰው ከሁለቱም ጎን ሳይረግጠው መካከሉ ላይ እንዲደርስ ወርዱ ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ የተረገጠ አፈር ይጠቀጠቃልና። ከፍታው በመረሬ ላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ውሃ በቀላሉ በሚያሰርገው ቀይ አፈር ላይ ግን የዚህ ግማሽ ይበቃዋል። ቦዮቹ ወደ ግቢው ዝቅተኛ ጎን በለዘብተኛ ተዳፋት መውረድ አለባቸው። ለቁፋሮ ተስማሚው ጊዜ አፈሩ በጣም ያልደረቀበትና ያልጨቀየበት ነው፤ በእጅ ተጨብጦ ሲለቀቅ በጣት ነካ ሲያደርጉት የሚፈረካከስ ከሆነ ደርሷል፣ እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ የሚቀር ከሆነ ግን መጠበቅ ይሻላል።

በዚሁ ቁፋሮ ወቅት ሰርዶና እንግጫ ከነሥራቸው ተለቅመው መውጣት አለባቸው። እነዚህ አረሞች ከመሬት በታች ካለው አካላቸው እንደገና ስለሚበቅሉ፣ በዶማ ቆራርጦ እዚያው መተው አንዱን አረም ብዙ ማድረግ ነው፤ የተለቀመው ሥር በግንቦት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በደንብ ሲደርቅ ብቻ ይሞታል።

ለአፈሩ ለምነት ዋናው ግብዓት ብስባሽ ወይም ኮምፖስት ነው፤ ይህም ፍግ፣ የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ጭድና ደረቅ ቅጠል ተደራርበው በጥቃቅን ተሕዋስያን አማካይነት ሲብላሉ የሚገኝ ጥቁርና ልል አፈር መሰል ነገር ነው። ተሕዋስያኑ በሚገባ የሚሠሩት ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ ስለሆነ፣ ናይትሮጅን የሚበዛበት እርጥብና አረንጓዴ ነገር ካርቦን ከሚበዛበት ደረቅ ጭድ ጋር መመጣጠን አለበት። ክምሩ ውስጥ የተሰካ እንጨት ተነቅሎ ሲነካ ሞቃት ከሆነ ሥራው እየተካሄደ ነው፤ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለቀናት ከቆየ የብዙ አረሞችን ዘርና የበሽታ ተሕዋስያንን ይገድላል። በደጋው ቅዝቃዜ ብስባሹ ለመድረስ ወራት ስለሚፈጅ ክምሩን በጥር መጀመር ይገባል። ያልበሰለ ፍግ በቀጥታ መጨመር ግን ሥርን ከማቃጠሉም በላይ፣ እንደ ሰላጣ ባሉ በጥሬው በሚበሉ አትክልቶች ላይ የሆድ ትላትል እንቁላል ሊያደርስ ስለሚችል በፍጹም ሊደረግ አይገባም።

መደቦቹ የሚሠሩበት ቦታ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ሊያገኝ፣ ውሃውንና ምግቡን ከሚሻማው የባሕር ዛፍ አጥርም ሊርቅ ይገባል።

ካሮትና ቀይ ሥር በመደቡ ላይ በቀጥታ ይዘራሉ፤ በተለይ ካሮት ሲዛወር ሥሩ ስለሚጣመም ችግኝ አይፈላለትም። ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቲማቲም ግን መጀመሪያ በትንሽ መደብ ችግኝ ሆነው ያድጋሉ፣ ለመዛወርም ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ሽንኩርት ደግሞ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይወስዳሉ። ቲማቲም በክረምቱ እርጥበት ቅጠሉ በሻጋታ መሰል በሽታ በቀላሉ ስለሚደርቅ፣ ችግኙን በነሐሴ አፍልቶ ዝናቡ ሲያባራ በመስከረም መጨረሻ መትከል፣ ከዚያ በኋላም ውሃ ማጠጣት የተሻለ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት ከፍተኛ ደጋ ግን ቲማቲምና ቃሪያ ስለሚቃጠሉ፣ በዚያ የሚኖር ቤተሰብ መደቡን ብርድ ለሚችሉት ለጎመን፣ ለካሮትና ለነጭ ሽንኩርት ቢሰጥ ይበጀዋል።